የቀድሞው ማኪንቶሽ ኮምፒዩተርና የግዕዝ ፊደል፦ ሕመማቸውና መድኃኒቱ

የሰው ልጅ አሳቡን በጽሕፈት ማኖር ከጀመረ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ተለውጧል። አባቶቻችን በብራና ጻፉ፤ ቀጥለው የመጡት በማተሚያ ቤት አሳተሙ፤ ከዚያም በጽሕፈት መኪና መቱ፤ ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር እንጽፋለን። ነገር ግን መሣሪያው በተለወጠ ቍጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ይኸውም፥ ትናንት የተጻፈውን ነገ የሚያነበው ይገኛልን? የሚለው ነው።

በዚህ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን የምንፈጽም እኛ የቢቸናና የሞጣ ልጆች፥ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ ቀድሞው ማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ስንጽፍ፥ «ይህ መሣሪያ ከምሥራቅ ጎጃም ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን ይህ ነው። አገራችን የዲማ ጊዮርጊስ፥ የደብረ ወርቅና የመርጡለ ማርያም አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ መለየት የሚማርባት ምድር ናት። በአሮጌ ማኪንቶሽ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍም ሰምና ወርቅ ነው። ላዩ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር፥ ውስጡ የአገራችን ቋንቋ ነው። መፍቻውን ያላወቀ ሰው ሰሙን ብቻ አይቶ ይጥለዋል። እንዲህም ሆኖ ሊጠፋ የቀረበ ብዙ ጽሑፍ ስላለ፥ የመሣሪያውን ታሪክ፥ ሕመሙንና መድኃኒቱን ባጭሩ ለማስረዳት ተነሥተናል።

የማኪንቶሽ አነሣሥ

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ለሕዝብ ያሳየው ጥር 15 ቀን 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1984) ነበር። የማስታወሻው አቅም 128 ኪሎባይት፥ የስክሪኑ ስፋት 9 ኢንች፥ ዋጋው 2,495 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ቀለሙም ጥቍርና ነጭ ብቻ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ከምንይዘው ስልክ ጋር ቢመዘን እጅግ ደካማ ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ብልጫ ነበረው። በዚያን ጊዜ ብዙ ኮምፒዩተሮች ፊደላቸው በፋብሪካ ተቀርፆ የተቆለፈባቸው ስለ ነበሩ፥ ከላቲን ፊደል በቀር ሌላ ማሳየት ይቸግራቸው ነበር። ማኪንቶሽ ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል በነጥብ ይሥል ነበር። ስለዚህ ፊደል መሣል የቻለ ሁሉ አዲስ ፎንት ሊያዘጋጅለት ቻለ።

በ1977 ዓ.ም. ሌዘርራይተር የተባለው ማተሚያና ፔጅሜከር የተባለው የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ወጡ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ፎንቶግራፈር የተባለው የፊደል መሣያ ፕሮግራም ተጨመረ። እነዚህ ሲገናኙ፥ ቀድሞ ትልቅ ማተሚያ ቤት ይጠይቅ የነበረው ሥራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሆነ። በባዕድ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በአገሩ ፊደል መጽሔት ለማዘጋጀት የእርሳስ ፊደል የሚለቅም ሠራተኛ መፈለግ ቀረለት።

ፊደላችንና 256ቱ ቤቶች

የግዕዝ ፊደል ከማተሚያ ጋር የተዋወቀው ዱሮ ነው። የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮማ ታተመ። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። የእርሳስ ፊደል ለሚያፈስስ ሰው የፊደሉ ብዛት ድካም እንጂ እንቅፋት አልነበረም፤ ሣጥኑን ማብዛት ይበቃዋልና። በጽሕፈት መኪና ጊዜ ግን ችግሩ ጠነከረ፤ የመኪናው ቁልፎች ጥቂት ስለ ነበሩ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ከዚህ ችግር ጋር ሲታገሉ ነው። በኋላ በየቢሮው በተሠራበት መኪናም ጸሐፊው የፊደሉን አካል መትቶ ቅጥያውን ለብቻ ይጨምርበት ነበር።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ይኸው ችግር መልኩን ለውጦ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው አንድ ባይት ብቻ ነበር። አንድ ባይት ደግሞ 256 ቤት ብቻ አለው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 32ቱ ለመሣሪያው ትእዛዝ የተያዙ ስለ ሆኑ የሚቀሩት 224 ናቸው። የእኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። በዚህ ላይ 20 የግዕዝ አኃዞች፥ እንደ ቈ፥ ኈ፥ ኰና ጐ ያሉት ከነቤታቸው፥ እንዲሁም ሁለት ነጥብ፥ ነጠላ ሰረዝ፥ ድርብ ሰረዝና አራት ነጥብ ይጨመራሉ። እንግዲህ እንግዳው ከቤቱ በዛ ማለት ነው።

ባለሙያዎቹ መፍትሔ ከመፈለግ አላረፉም። እንደ ፍሥሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፊደላችንን ለኮምፒዩተር ለማስማማት በየበኩላቸው ሠርተዋል። ለማኪንቶሽም ሆነ ለሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ፎንት ካዘጋጁት አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች ከፈሉት። ሌሎቹም እንደ ጽሕፈት መኪናው አካልና ቅጥያ አድርገው ገጣጠሙት። ችግሩ ግን እያንዳንዱ ፊደሎቹን በገዛ ፈቃዱ በየቤቱ ማስቀመጡ ነበር። በአንዱ ፎንት 65ኛው ቤት የ«በ» ቢሆን፥ በሌላው የ«መ» ሊሆን ይችላል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ለማንበብ የግድ ያንኑ ፎንት መያዝ ነበረበት።

አፕል ኩባንያ ራሱ ለዓለም የጽሕፈት ሥርዓቶች ቍጥር ሲመድብ ለግዕዝ 28ን ሰጥቶ ነበር። ከቋንቋዎችም ለአማርኛ 85ን፥ ለትግርኛ 86ን፥ ለኦሮምኛ 87ን መደበ። ነገር ግን ለጃፓንኛ፥ ለቻይንኛና ለዐረብኛ የተሟላ የጽሕፈት ጥቅል ሲያወጣ፥ ለግዕዝ በዚያ ዘመን አላወጣም። ቦታው ተመርቶ ቤቱ ሳይሠራ ቀረ።

ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ በ3.0ኛው እትሙ ለግዕዝ 345 ምልክቶችን አስገባ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ሀ» በዓለም ሁሉ ቍጥሩ 4608 ሆነ፤ «ሁ» 4609 ሆነ። በኋላ የመጡት ማኪንቶሾችም «ከፋ» የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዘው ይወጡ ጀመር። ነገር ግን ዩኒኮድ ከእርሱ በኋላ ለሚጻፈው እንጂ ከእርሱ በፊት ለተጻፈው በራሱ መድኃኒት አይሆንም። ያለፈው ጽሑፍ ይነበብ ዘንድ በመጀመሪያ አሮጌው መሣሪያ መነሣት አለበት።

የመሣሪያው ሕመሞች

ሐኪም በሽታን በምልክቱ እንደሚለይ፥ የአሮጌ ማኪንቶሽ ሕመምም በምልክቱ ይታወቃል። ዋና ዋናዎቹን በተራ እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ ይታይ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ከቀድሞዎቹ ማኪንቶሾች ብዙዎቹ የሚቀበሉት 120 ቮልት አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ በጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡና እንደ አስፈላጊነቱ ትራንስፎርመር ሳያገናኙ መሰካት መሣሪያውን ማቃጠል ነው። ስክሪኑ ከአካሉ ጋር አንድ የሆነውንም ሰው ካቻቢቴ ስላገኘ ብቻ ሊከፍተው አይገባም። የስክሪኑ ቧንቧ ከተነቀለም በኋላ ብዙ ሺህ ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፥ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሕመም የሰዓት መሳት ነው። መሣሪያው ሲነሣ ቀኑ ታኅሣሥ 22 ቀን 1896 ዓ.ም.፥ በአንዳንዶቹም ነሐሴ 21 ቀን 1948 ዓ.ም. ሆኖ ይገኛል። ፊተኛው እ.ኤ.አ. የ1904 የመጀመሪያ ቀን ሲሆን፥ ማኪንቶሽ ጊዜን መቍጠር የሚጀምርበት ነው። የሚቈጥረውም በሴኮንድ ስለ ሆነ፥ የቀድሞዎቹ ቍጥራቸው ጥር 28 ቀን 2032 ዓ.ም. ሞልቶ ያልቃል። የሰዓት መሳት ምክንያቱ በውስጡ ያለው ትንሽ የሊቲየም ድንጋይ መሞቱ ነው። ይህም በብዙዎቹ 3.6 ቮልት ሲሆን፥ ቁመቱ ከትንሹ የሬዲዮ ድንጋይ በግማሽ ያጥራል። ድንጋዩን መለወጥ ቀላል ነው፤ መርሳቱ ግን አደገኛ ነው። አርጅቶ ሲፈነዳ ፈሳሹ ቦርዱን በልቶ ይጨርሳልና። ስለዚህ መሣሪያውን የሚያስቀምጥ ሰው ድንጋዩን አውጥቶ ያስቀምጥ።

የታሪክ ተማሪዎች ከዚህ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሰዓቱ በሳተ መሣሪያ የተጻፈ ፋይል የተሳሳተ ቀን ይይዛል። አንድ የአማርኛ ጽሑፍ «በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተጻፈ» ቢለን፥ ወይም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በወጣበት በ1948 ዓ.ም. ተጻፈ ቢለን፥ የሞተውን ድንጋይ እንጂ ታሪክን አልመሰከረም። ስለዚህ ዘመኑን ከጽሑፉ ቃል እንጂ ከመሣሪያው ሰዓት ብቻ አንውሰድ።

ሦስተኛው ሕመም የካፓሲተር መፍሰስ ነው፤ አንዳንድ የሬዲዮ ጠጋኞች ኮንደንሰር ይሉታል። እንደ ኤስኢ 30፥ ክላሲክ 2ና ኤልሲ ባሉት ሞዴሎች ቦርድ ላይ የተተከሉት ትንንሾቹ ካፓሲተሮች ከብዙ ዓመት በኋላ ፈሳሻቸውን ይለቅቃሉ። ምልክቱም ድምፁ መድከም ወይም ጨርሶ መጥፋት፥ ስክሪኑም እንደ ሜዳ አህያ ቆዳ መሸንተር ነው። መድኃኒቱ ቦርዱን በሚገባ አጥቦ፥ አሮጌዎቹን በካውያ አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው። በጊዜው ካልታጠበ ፈሳሹ የመዳቡን መስመር ይበላል።

አራተኛው ከፊቱ የሚነበብ ሕመም ነው። ማኪንቶሽ በጤና ሲነሣ ፈገግ ያለ ትንሽ የኮምፒዩተር ሥዕል ያሳያል። ዓይኑ የተገለበጠ ያዘነ ፊት ከነቍጥር ካሳየ ግን የአካል ሕመም አለበት። ብዙ ጊዜ የማስታወሻው ካርድ ስለ ላላ፥ ነቅሎ፥ ጠርጎ መልሶ መሰካት ይፈውሰዋል። የጥያቄ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ የሚነሣበትን ሲስተም አላገኘም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሃርድ ዲስኩን ኬብል ማየትና ሲስተም ካለበት ሌላ ዲስክ ማስነሣት ይገባል። የቦምብ ሥዕል የታየ እንደ ሆነም ማንም አይደንግጥ፤ ፕሮግራም ተሰናከለ ማለት ብቻ ነው። በተለይም ግንቦት 5 ቀን 1983 ዓ.ም.፥ ደርግ በወደቀበት በዚያው ወር በወጣው ሲስተም 7ና ከእርሱ በኋላ በመጡት ላይ፥ ከመሣሪያው ጋር የሚነሡ ተጨማሪ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። የፊደል መክተቢያዎችም ከእነዚህ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲነሣ የሺፍትን ቁልፍ ይዞ መቈየት ሁሉንም ያስቀራቸዋል። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እየመለሱ ጠበኛውን መለየት ነው።

አምስተኛው የፍሎፒ ዲስክ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ የማኪንቶሽ ዲስኮች 400፥ ቀጥለው የመጡት 800 ኪሎባይት ይይዙ ነበር። ማኪንቶሽ እነዚህን ሲጽፍ የዲስኩን ፍጥነት እየለዋወጠ ስለ ነበር፥ ዛሬ በገበያ የሚገኘው የዩኤስቢ ፍሎፒ ማንበቢያ ሊያነባቸው አይችልም። «ዲስኩ ባዶ ነው» ወይም «ተበላሽቷል» ብሎ ቢናገር እውነት አይደለም፤ ቋንቋውን አላወቀም ማለት ነው። በኋላ የመጡትን ባለ 1.44 ሜጋባይት ዲስኮች ግን ያነባቸዋል። የአሮጌው ማኪንቶሽ ማንበቢያም ቢሆን ቅባቱ ደርቆ ዲስኩን አልተፋም ሊል ስለሚችል፥ በጉልበት ከመሳብ ጠርጎ ቅባቱን ማደስ ይሻላል።

የጽሑፉ ሕመም

መሣሪያው ድኖ ዲስኩም ተነቦ ሳለ ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። የቀድሞው ማኪንቶሽ አንዱን ፋይል በሁለት ክፍል ያስቀምጥ ነበር። በአንደኛው ክፍል ተራው ጽሑፍ፥ በሁለተኛው ደግሞ ሥዕሉ፥ መልኩና የመሳሰለው ይቀመጣል። የቀድሞዎቹ የማኪንቶሽ ፎንቶች ሙሉ በሙሉ የሚኖሩት በዚህ በሁለተኛው ክፍል ነው። ፎንቱ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር በኩል ወደ ፍላሽ ቢገለበጥ፥ ስሙ ይተላለፋል፤ ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል። ባለቤቱ «ገልብጫለሁ» ብሎ አሮጌውን ዲስክ ሲጥል መፍቻውን አብሮ ጣለ። መድኃኒቱ ከመገልበጥ በፊት ፋይሉን በዚያው በማኪንቶሹ ላይ ስታፍኢት ወይም ቢንሄክስ በተባለው ፕሮግራም አንድ ላይ ማሠር ነው።

ሌላም ስውር አደጋ አለ። ቀደም ብለን እንደ ተናገርነው አንዳንዱ ጽሑፍ በሁለት ፎንት ተከፍሎ የተጻፈ ነው። ከአንዱ ቃል ውስጥ አንዱ ፊደል ከመጀመሪያው ፎንት፥ ተከታዩ ከሁለተኛው ፎንት ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱም የቤት ቍጥር ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ይህን ጽሑፍ «ተራ ጽሑፍ» አድርጎ ያስቀመጠ ሰው የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደ መጣ የሚናገረውን ምልክት ሁሉ ፋቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት የተለያዩ ፊደላት አንድ ዓይነት ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ጽሑፉ እንደ አርቲኤፍ ባለ የፎንቱን ስም በሚጠብቅ መልክ ሊቀመጥ ይገባል።

ፎንቱ ጨርሶ ቢጠፋስ? ተስፋ አይቈረጥም። ከዚያው ፋይል በወረቀት የታተመ አንድ ገጽ ከተገኘ፥ የወረቀቱን ፊደል ከፋይሉ ቍጥር ጋር አንድ በአንድ እያስተያዩ ሠንጠረዥ መሥራት ይቻላል። ሠንጠረዡ ከተሠራ በኋላ እያንዳንዱን አሮጌ ቍጥር በዩኒኮድ ቍጥር መለወጥ የኮምፒዩተር ሥራ ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ይዞ ወርቁን እንደሚፈልገው መሆኑ ነው።

ከሞጣ ወደ ሰሜን፥ በዐባይ ላይ፥ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገር ሰባራ ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ ሁለቱ ጫፎች ቆመው ስለ ቀሩ፥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በአሮጌ ማኪንቶሽ የተጻፈው አማርኛም እንደዚሁ ነው። በወዲያ ማዶ ጸሐፊው፥ በወዲህ ማዶ አንባቢው ቆመዋል፤ የፈረሰው መካከሉ ነው። አፕል ኩባንያ በ1993 ዓ.ም. ማክ ኦኤስ ኤክስን ካወጣ በኋላ የቀድሞ ፕሮግራሞች ለጥቂት ዓመታት «ክላሲክ» በሚባለው ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. በወጣው በ10.5ኛው እትም ግን ይህ ክፍል ቀረ። ዛሬ ገመድ ሆነው የሚያገለግሉት ሚኒ ቪማክ፥ ባዚሊስክና ሺፕሼቨር የተባሉት፥ በአዲስ ኮምፒዩተር ውስጥ አሮጌውን ማኪንቶሽ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች ናቸው።

ምን እናድርግ?

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ውጭ አገር ተሰደዋል። በዚያም ሆነው መጽሔት አዘጋጅተዋል፥ ግጥም ጽፈዋል፥ ተከራክረዋል፥ ለዘመዶቻቸው ደብዳቤ ልከዋል። የዚያን ዘመን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው እነዚህን ጽሑፎች ሳያይ ሙሉ ነገር ሊጽፍ አይችልም። የብራና መጽሐፍ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ ዛሬ ፊደል የቈጠረ ልጅ ያነበዋል፤ የ30 ዓመት ዲስክ ግን ሊቅም ቢይዘው ዝም ይላል። ብራና ዝናብና ምስጥ ካላገኘው ሰው ቢረሳውም ይቈያል፤ ዲስክ ግን የተረሳ ዕለት መሞት ይጀምራል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ከውጭ አገር የተመለሰ አጎት ወይም አክስት ያላችሁ፥ በሣጥን ውስጥ አሮጌ ማኪንቶሽ ወይም ዲስክ እንዳለ በአክብሮት ጠይቁ። ካለ ሳትሰኩት ቮልቱን አንብቡ፤ ድንጋዩንም በባለሙያ አስወጡ። ጽሑፉን ከማስተካከላችሁ በፊት መጀመሪያ እንዳለ ግልባጩን ውሰዱ። ፎንቱን ከጽሑፉ አትለዩ፤ በወረቀት የታተመ ገጽ ከተገኘም ከዲስኩ ጋር አኑሩት። ከሁሉም በላይ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ «በየትኛው ፕሮግራምና በየትኛው ፎንት ጻፉት?» ብላችሁ ጠይቁና በእስክርቢቶ ጽፋችሁ ያዙ። ያች አንዲት መሥመር መፍቻ ትሆናለች።

እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ፥ አንዳንዶቻችን መሣሪያ መጠገንን፥ አንዳንዶቻችን ታሪክ መጻፍን እንመርጥ ይሆናል። በዚህ ጕዳይ ግን ሁለቱ ሙያዎች አንድ ናቸው። ካፓሲተር የሚለውጠው ጠጋኝ ባይኖር ታሪክ ጸሐፊው የሚያነበው ያጣል፤ የሚያነበው ባይኖርም የጠጋኙ ድካም ከንቱ ይሆናል።